ፈቃዱ ተሰርዟል

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ቤተ መዛግብት ውስጥ ከ19ኛው መቶ ዓመት የተረፉ ወፋፍራም ጥራዞች አሉ። አንዱን የገለጠ ሰው በየገጹ የሚያገኘው እንደ ደረሰኝ ቀሪ ያለ የታተመ ቅጽ ነው። ዋናው ወረቀት ተቆርጦ ለባለቤቱ ተሰጥቷል፤ ቀሪው በጥራዙ ታስሮ መንግሥት ዘንድ ቆይቷል። በላዩ የአንድ ግዞተኛ ስም፣ የመጣበት መርከብ፣ የመጣበት ዓመት፣ የትውልድ ቦታው፣ ሙያው፣ የተፈረደበት ከተማ፣ ጥፋቱና ቅጣቱ ተዘርዝሯል። ቀጥሎ ቁመቱ፣ የፊቱ መልክ፣ የፀጉሩና የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳት ካለውም ያው ይገኛል። በመጨረሻ እንዲኖርበት የተፈቀደለት ወረዳ ይጻፋል።

በአንዳንዶቹ ላይ ታዲያ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፣ ቆየት ብሎ የተጨመረ ጽሑፍ አለ፤ ፈቃዱ ተሰርዟል ይላል። ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ ለመግለጽ ያን ያህል የደከመ ቢሮ ነጻነቱን ለመንጠቅ የበቃው አንዲት መስመር ብቻ ነው። ስለ አመክሮ ስረዛ የቆዩ የመንግሥት መዛግብት ሲነሡ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህች መስመር ነው፦ ምክንያቱን የጻፈው ማን ነው? እስረኛውንስ የሰማው አለ? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪታንያ ከ1788 እስከ 1868 ባሉት 80 ዓመታት 162 ሺህ ያህል ፍርደኞችን ወደ አውስትራሊያ በመርከብ አግዛለች። መንግሥት እነዚህን ሁሉ ማብላትና ማልበስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1801 ገዥው ፊሊፕ ጊድሊ ኪንግ ራሱን ችሎ ሊኖር ለሚችል ግዞተኛ ሠርቶ እንዲበላ የሚያስችል ወረቀት መስጠት ጀመረ። ወረቀቱ ቲኬት ኦፍ ሊቭ ተባለ። አሳቡ ከርኅራኄ ይልቅ ከሒሳብ የመነጨ ነበር፤ ከመንግሥት መጋዘን የሚቀለብ አንድ አፍ ይቀነሳል። በ1820ዎቹ ግን መለኪያ ወጣለት። ሰባት ዓመት የተፈረደበት አራት ዓመት፣ አሥራ አራት የተፈረደበት ስድስት፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ ስምንት ዓመት በመልካም ጠባይ ካገለገለ በኋላ ማመልከት ይችል ነበር። ዛሬ አመክሮ የምንለው አሠራር ከቀደምት ሥሮቹ አንዱ ይህ ነው።

ወረቀቱ የተሰጠው ሰው ለፈለገው አሠሪ ተቀጥሮ ደመወዙን ራሱ ይቀበላል። ከወረዳው ግን መውጣት አይችልም፤ መውጣት ካስፈለገው ለብቻው የሚሰጥ የመንገድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በስም ጥሪ ቀን ቀርቦ መቆጠር አለበት። በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ካለም እሑድ እሑድ መገኘት ይጠበቅበታል። ከእነዚህ አንዱን ካጓደለ የወረዳው ዳኞች ለገዥው ያመለክታሉ፣ ገዥው ያጸድቃል፣ ወረቀቱ ይሰረዛል። ከ1832 ጀምሮ መታተም በጀመረው የቅኝ ግዛቱ የመንግሥት ጋዜጣም የተሰረዘባቸው ሰዎች ስም ከነምክንያቱ በዝርዝር ይወጣ ነበር።

የጋዜጣው ዝርዝር ሲነበብ ሰካራምነት አለ፣ ከስም ጥሪ መቅረት አለ፣ ከወረዳ ወጥቶ መገኘት አለ፣ ነውረኛ ኑሮ አለ፣ ስርቆትም አለ። የሚገርመው ሁሉም በአንድ ዓምድ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በእኩል ስፋት መደርደራቸው ነው። ከብት የሰረቀውና ለቆጠራ የዘገየው ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። ወረዳዎቹን የሚዳኙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ባለርስቶች፣ ራሳቸውም የግዞተኛ ጉልበት ተጠቃሚዎች ነበሩ። ስለዚህ ጋዜጣው ላይ ያለው ምክንያት የአሠሪው መደብ ስለ ሠራተኛው የጻፈው ቃል መሆኑን ሳይረሱ ማንበብ ያስፈልጋል። ሰካራም የተባለው ሁሉ ሰካራም አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበረ ማለትም እንዲሁ።

አንዲት መስመር ምን ልትወልድ እንደምትችል የፍሬድሪክ ዋርድ ታሪክ ያሳያል። ዋርድ በግዞት የመጣ ሳይሆን በቅኝ ግዛቱ ያደገ፣ ፈረስ መግራት የሚያውቅ ወጣት ነበር። በ1856 የተሰረቁ ፈረሶችን በመቀበል አሥር ዓመት ተፈርዶበት በሲድኒ ወደብ መካከል ወዳለችው ኮካቱ ደሴት ተላከ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ በመጅ ወረዳ እንዲኖር ቲኬት ኦፍ ሊቭ ተሰጠው። እዚያም ሜሪ አን በግን አገኘ። አባቷ እንግሊዛዊ ግዞተኛ፣ እናቷ ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነበሩ። በ1861 ሜሪ አን ፀነሰች፤ ዋርድም ትውልድ አካባቢዋ እንድትወልድ ወደ ደንጎግ አደረሳት። ደንጎግ ከመጅ ወረዳ ውጪ ነው።

በየሦስት ወሩ የሚደረገው የስም ጥሪ ሲደርስ ዋርድ በጊዜው አልተገኘም። ሲመለስም የተቀመጠበት ፈረስ ተሰርቋል ተብሎ አቤቱታ የቀረበበት ሆኖ ተገኘ። ፈቃዱ ተሰረዘ። ከአሥሩ ዓመት የቀረው እንዳለ ተመለሰበት፣ በፈረሱ ምክንያትም ሦስት ዓመት ተጨመረበት። በመስከረም 1863 ከአንድ ሌላ እስረኛ ጋር ከደሴቲቱ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን አውስትራሊያውያን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ ካፕቴን ተንደርቦልት የተባለው ሽፍታ ሆኖ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፖስታ ጫኞችንና መጠጥ ቤቶችን ሲዘርፍ ኖረ። ግንቦት 25 ቀን 1870 ዩራላ አጠገብ አንድ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው።

ፈቃዱን ባይሰርዙበት ዋርድ ሰላማዊ ገበሬ ይሆን ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ፈረስ ይወድ ነበር፤ የሰውም ፈረስ ቢሆን ግድ የሚለው አይመስልም። ሆኖም መዝገቡ ከስም ጥሪ ቀረ ሲል ነፍሰ ጡሯን ሚስት አይጠቅስም። ቅጹ ላይ ለእሷ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ የመጣው በሌላ በር ነው። የቫን ዲመን ምድር፣ የዛሬዋ ታዝማኒያ፣ ግዞተኛ መቀበል ስትሰለችና በ1853 የግዞት መርከብ ወደዚያ መሄዱን ሲያቆም የለንደን መንግሥት ፍርደኞቹን ይዞ ቀረ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ብዙዎቹ በአገር ቤት በከባድ የጉልበት ሥራ ታስረው ከቆዩ በኋላ ጊዜያቸው ሳያልቅ በፈቃድ እንዲወጡ ተወሰነ። የለንደን ሕዝብ ከአውስትራሊያ በመጣው ስም ቲኬት ኦፍ ሊቭ አለው። ቀድሞ ዐሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖር የነበረው ወንጀለኛ አሁን ጎረቤት ሆነ።

የእነዚህ ፈቃዶች ቀሪ ዛሬ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ከአውስትራሊያው የበለጠ ወሬኛ መዝገብ ነው። እስረኛው በየትኛው ወኅኒ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ምን ሥራ እንደሠራ፣ ጤናው፣ ማንበብና መጻፍ መቻል አለመቻሉ፣ ስለምን ጥፋት በወኅኒ ውስጥ እንደተቀጣ ይነግራል። ከ1870ዎቹ ወዲህ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸውም አሉ። የሴቶቹ ለብቻ ተቀምጠዋል። የቪክቶሪያ ዘመን ድሃ ሰው ፊት ማየት የፈለገ ተመራማሪ የሚሄደው ወደነዚህ ነው፤ ሀብታሞቹ ሥዕላቸውን በቤታቸው ሰቅለው ነበር፣ ድሆቹን ያነሣቸው መንግሥት ነው።

በፈቃዱ ጀርባ የታተመው ማስጠንቀቂያ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ፈቃዱን ለማጣት አዲስ ጥፋት ሠርቶ መፈረድ የግድ አይደለም ይላል። ከታወቁ ክፉ ሰዎች ጋር የዋለ፣ ሥራ ፈትቶ የተንዘላዘለ፣ ወይም በታማኝነት የሚተዳደርበት የሚታይ ገቢ የሌለው ሰው ወደ ወንጀል ሊመለስ እንደተቃረበ ይቆጠራል፤ ወዲያው ተይዞ በቀድሞው ፍርድ ወደ ወኅኒ ይመለሳል። ሥራ ማጣት ራሱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ ከወኅኒ መውጣቱ ከታወቀ ሥራ የሚሰጠው አልነበረም። ጸሐፌ ተውኔት ቶም ቴይለር በ1863 በለንደን መድረክ ያሳየው ተውኔት ጉዳዩ ይኸው ነበር፤ ርእሱም ቲኬት ኦፍ ሊቭ የያዘ ሰው ማለት ነው። ተመልካቹ ጎረፈለት።

ማስጠንቀቂያው እንዲህ ያስፈራ እንጂ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አፈጻጸሙ ላላ ነበር። የወጡትን የሚከታተል መዋቅር አልተዘረጋም። በሐምሌ 1862 ፒልኪንግተን የተባሉ የምክር ቤት አባል ከፓርላማ ወደ ክለባቸው በእግር ሲሄዱ አንገታቸው ታንቆ ተዘረፉ። ጋዜጦች ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ለወራት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ ወንጀለኞቹ ፈቃድ የያዙት ናቸው ተባለ። ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1864 በወጣው ሕግ ፈቃድ ያለው ወንድ ሁሉ በየወሩ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ እንዲያመለክት ተገደደ። በ1869 እና በ1871 የወጡት ሕጎች ደግሞ ማዕከላዊ የወንጀለኞች መዝገብና ፎቶግራፍ አመጡ። ከአንድ የተከበሩ ሰው ጉሮሮ እስከ አገር አቀፍ መዝገብ የፈጀው ዘጠኝ ዓመት ነው። የስረዛ መዝገብ የእስረኛውን ጠባይ ያህል የመንግሥቱን ፍርሃት ይመዘግባል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርሃቱ ከወንጀል ወደ ፖለቲካ ሲሻገር የሆነውን ለማየት ማይክል ዳቪት ጋር መድረስ ያስፈልጋል።

ዳቪት በ1846 በአየርላንድ ማዮ አውራጃ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ኪራይ ባለመክፈሉ ከመሬቱ ተነቅሎ ወደ እንግሊዝ ላንክሻየር ተሰደደ። በአሥራ አንድ ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ ሲሠራ መኪና ቀኝ እጁን በላው። አድጎ አየርላንድን በኃይል ነጻ ለማውጣት ከተነሡት ፌንያኖች ጋር ተቀላቀለ፣ በ1870ም መሣሪያ በማዘዋወር ተይዞ አሥራ አምስት ዓመት ከባድ እስራት ተፈረደበት። አብዛኛውን በዳርትሙር ወኅኒ፣ በአንድ እጁ እየሠራ አሳለፈ። በታኅሣሥ 1877 ከማንኛውም ሌባ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቲኬት ኦፍ ሊቭ ተሰጥቶት ወጣ።

ከወጣ በኋላ ዝም አላለም። አሜሪካ ሄዶ ንግግር አደረገ። በ1879 ጭሰኞችን ከባለርስት ለመከላከል የተቋቋመውን የመሬት ሊግ ከመሠረቱት ዋነኛው ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በአንድ ንግግሩ ታስሮ ክሱ ሳይገፋ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈቃዱን የነካበት አልነበረም። ሊጉ ግን እየበረታ ሄደ፤ ጭሰኛው ኪራይ አልከፍልም ማለት ጀመረ፤ በ1881 መጀመሪያ መንግሥት ለአየርላንድ የተለየ የማስገደጃ ሕግ ወደ ፓርላማ አመጣ። በዚያ ሰሞን፣ የካቲት 3 ቀን 1881፣ ዳቪት ደብሊን ከተማ መሐል መንገድ ላይ ተያዘ። አዲስ ክስ የለም፣ ችሎት የለም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ዊልያም ሃርኮርት ከሦስት ዓመት በፊት የተሰጠውን ፈቃድ መሻራቸው በቂ ነበር።

በዚያው ዕለት በለንደን ምክር ቤት ጥያቄው ቀረበ። ሃርኮርት ከባልደረቦቻቸውና ከመንግሥት የሕግ አማካሪዎች ጋር ተነጋግረው የዳቪት አድራጎት ከያዘው ፈቃድ ጋር የማይስማማ ሆኖ እንዳገኙት ተናገሩ። የአየርላንድ አባላት መሪ ቻርልስ ስቲዋርት ፓርኔል ተነሥተው ከፈቃዱ ሁኔታዎች የትኛውን ነው የጣሰው ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። ምክር ቤቱ ተናወጠ፤ ከዚያ ሲያያዝ በመጣው ግርግር 36 የአየርላንድ አባላት በአንድ ቀን ከምክር ቤቱ ታገዱ። የፓርላማው ቃለ ጉባኤ ይህን ሁሉ መዝግቦታል፤ ለፓርኔል ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን በገጹ ላይ አይገኝም። ከስረዛ መዛግብት ሁሉ እጅግ የሚናገረው ይህ ባዶ ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

ዳቪት በፖርትላንድ ወኅኒ አሥራ አምስት ወር ቆየ። በዚህኛው ጊዜ አያያዙ እንደ ዳርትሙር አልነበረም፤ በአትክልት ቦታ እንዲሠራ፣ እንዲያነብና እንዲጽፍ ተፈቀደለት። አንዲት ወፍ አላምዶ ጆ ብሎ ስም አወጣላት፤ በ1885 ያሳተመውን የእስር ቤት ማስታወሻውን ያበረከተውም ለእሷ ነው። በ1882 የሚዝ አውራጃ ሕዝብ የፓርላማ አባል አድርጎ መረጠው፣ ምርጫው ግን ፍርደኛ ነው ተብሎ ተሰረዘ። ግንቦት 6 ቀን 1882 ተፈታ። የዚያኑ ቀን ምሽት ደብሊን ውስጥ የአየርላንድ ጉዳይ ሹሙ ሎርድ ፍሬድሪክ ካቨንዲሽና ምክትላቸው በስለት ተገደሉ፤ ከነጻነቱ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ግድያውን በይፋ ማውገዝ ሆነ።

በኢትዮጵያ የአመክሮ ሥልጣን የተቀመጠበት ቦታ ለየት ይላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ እንዲፈታ የሚያዘው ፍርድ ቤት ነው። ሚኒስትር በአንድ ፊርማ እንደ ሃርኮርት ሊያደርገው አይችልም። ፍርድ ቤት ያዘዘው ነገር ደግሞ ቢያንስ የመዝገብ ቁጥር ይኖረዋል።

አሜሪካኖች አመክሮን ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ ልምድ ቀድተው በ1876 በተከፈተው የኒው ዮርኩ የኤልማይራ ማረሚያ ቤት በዘቡሎን ብሮክዌይ አስተዳደር ሞከሩት። በ1910 ለፌዴራል እስረኞች የሚሠራ ሕግ አወጡ። ክልሎቹም አንድ በአንድ የየራሳቸውን አወጡ። የስረዛው አካሄድ ግን ከሲድኒው ብዙም አልራቀም። ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የያዙት አቋም አመክሮ የመንግሥት ቸርነት ነው፣ የሰጠ መንሣት ይችላል የሚል ነበር። ተቆጣጣሪው ሪፖርት ይጽፋል፣ ቦርዱ ሪፖርቱን አይቶ ይሰርዛል።

ይህን አሠራር ያናጋው ከአዮዋ ክልል የመጣ ጉዳይ ነው። ሞሪሲ የተባለ ሰው በ1967 ሐሰተኛ ቼክ በመጻፍ ጥፋተኛነቱን አምኖ እስከ ሰባት ዓመት ተፈረደበት፤ በሰኔ 1968 በአመክሮ ወጣ። ሰባት ወር ቆይቶ ተያዘ። ሪፖርቱ ላይ የሰፈሩት ጥፋቶች እነዚህ ነበሩ፦ በሌላ ሰው ስም መኪና ገዝቶ ሳያስፈቅድ መንዳት፣ ቀላል ግጭት ደርሶ ለፖሊስ የተሳሳተ አድራሻና የኢንሹራንስ መረጃ መስጠት፣ በሐሰት ስም ዱቤ መውሰድ፣ የሚኖርበትን ቤት ለተቆጣጣሪው አለማሳወቅ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቦርዱ አመክሮውን ሰርዞ ከቤቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወኅኒ መለሰው። ማንም አልሰማውም። የዝርዝሩን ዓይነት ላስተዋለ፣ የ1830ዎቹ ጋዜጣ መኪናና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት የታተመ ይመስላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 29 ቀን 1972 ሞሪሲ በብሩወር ላይ በተባለው ጉዳይ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛው ዋረን በርገር ለእስረኛ በማዘን የሚታወቁ ሰው አልነበሩም፤ ይህም ለውሳኔው ክብደት ጨምሮለታል። በአመክሮ ከወጡት ከ35 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት ስረዛ ደርሶባቸው ወደ ወኅኒ እንደሚመለሱ ይገመታል ሲሉ በውሳኔው አሰፈሩ። እንዲህ የበዛ ሰው የሚነካ ነገር በተቆጣጣሪ ወረቀት ብቻ ሊያልቅ አይገባም። በአመክሮ ያለ ሰው ሥራ ይዞ፣ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ይኖራል፤ ያን መንጠቅ ከባድ ጉዳት ነውና ሕጋዊ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ደረጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰውዬው በተያዘበት አካባቢ፣ በጉዳዩ እጁ በሌለበት ሰው ፊት፣ ጥፋቱን የሚያሳይ በቂ ምክንያት መኖሩ ይጣራል። ቀጥሎ ምክንያታዊ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ችሎት ይደረጋል፤ ሁለት ወር ያልበዛ ነው ተባለ። ጥፋቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፣ ማስረጃው ይታየዋል፣ ራሱ ይናገራል፣ ምስክር ያቀርባል፣ የተለየ ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር የመሰከሩበትን ይጠይቃል። የሚወስነው አካል ገለልተኛ መሆን አለበት። ውሳኔው የተመሠረተበት ማስረጃና ምክንያትም በጽሑፍ ይሰጣል።

የመዝገቡ መልክ የተለወጠው በዚህ የመጨረሻ ግዴታ ነው። ከ1972 በኋላ የተከፈተ የስረዛ ፋይል ከአንዲት መስመር ወደ ብዙ ገጽ አደገ፤ የእስረኛው ቃልም በውስጡ መገኘት ጀመረ። የታሪክ ተመራማሪ በሲድኒ ጥራዝ ላይ ሊያገኘው የማይችለውን፣ ፍሬድሪክ ዋርድ ለምን እንደዘገየ ተጠይቆ ምን እንዳለ፣ ከአዮዋ ፋይል ሊያገኝ ይችላል። ይህ ማለት ግን ችሎቱ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። ቦርዶቹ ምክንያት መጻፍን ተማሩ፤ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ መጻፍም ምክንያት መጻፍ ነው።

የጠበቃ ነገር በ1972 ሳይወሰን አደረ። በቀጣዩ ዓመት፣ ግንቦት 1973፣ ጋግኖን በስካርፔሊ ላይ በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በስረዛ ችሎት ለሁሉም ሰው መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም፣ እንደ ጉዳዩ እየታየ ይወሰናል አለ። ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ግን የተከለከለበት ምክንያት ባጭሩ በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት ሲል አዘዘ። ውሳኔው እስከ ዛሬ አልተሻረም።